በሁለቱ ደወሎች መካከል

ስቶኒ ጋፕ፣ የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር
ማርች 8 ቀን 1885

ለተከበሩ እህት ዚልፋ ፔግራም
ሃሊፋክስ አውራጃ፣ ቨርጂኒያ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ከዚህ ተራራ እስከ ወንዙ ማዶ ካለው ሰው ሁሉ በንባብ አንደኛ የሆነው ላፋዬት ክራምፕ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በሦስት ወር ከዳር እስከ ዳር ተወጥቼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ስል እስከ ዘጸአት አጋማሽ ማለቴ ነው፤ እሱንም የሰው ስም የበዛበትን ገጽ እየዘለልኩ። በንባብ አንደኛ ስልም ፓስተራችንን፣ አለቃችንን ሚስተር ሃንድሊን፣ የማታ ትምህርት የምታስተምረንን ወይዘሪት ኮርዲሊያንና የእሷን አሮጊት አክስት ሳልቆጥር ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ግን የሚስተካከለኝ የለም።

የደብዳቤዎ መልስ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጣው አምና በጃንዋሪ ነው። በላዩ ላይ «ራንሰም ፔግራምን ለሚያውቅ ሰው» የሚል ጽሕፈት እንዳለበት እኮ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ የምንተኛበት ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከላምባው ጠርሙስ ጎን ቆሞ ኖረ። አንዱ ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጉስ የሚባለው ጓደኛችን አንድ ቀን አሸተተውና «የሴት ነው» አለ። «ከምን አወቅህ?» ብንለው «እንዲህ ዝም ብሎ የሚያፈጥብኝ የሴት ደብዳቤ ብቻ ነው» አለን። ለሚስተር ሃንድሊ ሰጥተን እንዳናስነብብ የጥቁር ሰው ደብዳቤ በነጭ አለቃ እጅ ሲከፈት መልካም ነገር ወጥቶለት አያውቅም።

ባለፈው መከር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የማታ ትምህርት ተከፈተ። በፌብሩዋሪ ደብዳቤዎን እኔ ከፈትኩት። ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የቀደድኩት። ብርድ ነበር።

ሦስት ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛ፣ ወንድምዎ ራንሰም ሲሞት ተሠቃይቶ እንደሆነ። ከወንዙ ያወጣነው እኛ ነን፤ ፊቱ ደህና ነበር። የተገረመ ሰው ፊት እንጂ የታመመ ሰው ፊት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ዕቃውን። የብሎን መፍቻውን ኩባንያው ወስዶታል። የእሑድ ሸሚዙንና ምላጩን በዚህ ጥቅል ልኬአለሁ፤ ሸሚዙን እኔ አንድ ቀን ለብሼው ነበር፣ አጥቤዋለሁ። ሦስተኛው ጥያቄዎ ላይ ቀለም ስለፈሰሰበት ማንበብ አልቻልኩም።

ለእናትዎ ለእማማ ዶርካስ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ ይበሉልኝ። እዚህ አዲሱ ፕሬዚደንት ወንበር ያዘ ሲባል ሽማግሌዎቻችን ባርነት ሊመለስ ነው ብለው ዕቃቸውን ቋጥረው ነበር። እኔ ሕገ መንግሥቱን አንብቤዋለሁ፣ አይመለስም ብዬ አረጋጋኋቸው። ያነበብኩት ርዕሱን ነው።

አክባሪዎ፣ ላፋዬት ክራምፕ


ሃሊፋክስ፣ ማርች 29 ቀን 1885

ወንድም ክራምፕ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሸሚዙ ደርሶናል። እናቴ አላጠበችውም፤ አንተ ማጠብህንም አልወደደችውም።

«እርስዎ» ማለቱን ተወው። የወንድሜን አስከሬን ከወንዝ ያወጣ ሰው አንቺ ቢለኝ አይከፋኝም። ደግሞ አስተማሪ ነኝና ሳልናገር አላልፍም፤ ስሜን በአራት ዓይነት ጽፈኸዋል፣ አንዱ ትክክል ነው። ራንሰም አብሮት የሚስቅ ጓደኛ እንደነበረው በማወቄ ደስ ብሎኛል። እሱ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ትምህርት ቤት ስውል የእኔን የትምባሆ መደብ የሚኮተኩተው እሱ ነበር። «ለአንድ ቤት አንድ አንባቢ ይበቃል» ይል ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ላይ ቀለም ፈስሷል ካልክ ደግሜ በትልቁ እጽፈዋለሁ። ሰክሮ ነበር ወይ?

ነገሩን ላስረዳህ። ኩባንያው ለፓስተራችን በላከው ወረቀት ራንሰም ባቡር በሚያልፍበት ሰዓት ድልድዩ መሀል ቆሞ እንደተገኘ፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ፣ «በመጠጥ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ራንሰም ደግሞ መጠጥ ላይቀምስ በሻሮን ቤተ ክርስቲያን ፊት ቃል ገብቶ ካርድ የፈረመ ሰው ነው። እዚህ በየዓመቱ ኦገስት ሁለተኛው እሑድ በየአገሩ የተበተነው ሁሉ ይሰበሰብና የሞቱት አባላት ስም ይነበባል። አምና የእሱ ስም አልተነበበም።

እናቴ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ወንድም ኬሌብ የሚባለው የሽማግሌዎቹ አለቃ «እህት ዶርካስ፣ ልጅሽ እኮ ቃሉን አፍርሷል» አላት።

«ካርዱ ይኸው ሣጥኔ ውስጥ አለ!»

«ካርድ አይጠጣም፣ እህት ዶርካስ። የሚጠጣው ሰው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊተኛው አግዳሚ ተነስታ በሩ ሥር ትቀመጣለች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእኔ ልጅ ስም ግን ከመቃብሩም በታች ዋለ» ትለኛለች። ሽማግሌዎቹ የሚቀበሉት አብሮት የሠራ ሰው የጻፈውን ምስክርነት ብቻ ነው። ስለዚህ ጻፍልኝ።

ዚልፋ ፔግራም


ስቶኒ ጋፕ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1885

እህት ዚልፋ፣

ትልቁ ደብዳቤሽም ያቺ በኋላ የላክሻት ትንሿም በአንድ ቀን ደረሱኝ። በሦስት ማታ አነበብኳቸው። ጉስ «ላፋዬት በአንድ ማታ ነው የጨረሰው» ቢልሽ ለእኔ አዝኖ ነው።

አልሰከረም። እናቴ ትሙት እንዳልል ሞታለች፤ ስለዚህ በዓይኔ ብርሃን እምላለሁ። ገና በመጣ ቁጥር አለቃው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ ዊስኪ ይሰጣል። የራንሰምን ድርሻ ሦስት ገና የጠጣሁለት እኔ ነኝ። ይህንንም ለሽማግሌዎቹ አንብቢላቸው፤ የእነሱ አባል ስላልሆንኩ አያባርሩኝም።

በትንሿ ደብዳቤ ድልድዩን ለመሻገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብለሽ ለምን እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል። አንቺ በልብሽ ስትቆጥሪ ቆይተሻል። ብሎኑን አንድ በአንድ እየነኩ፣ የላላውን እያጠበቁ ለሚሄድ ሰው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ራንሰም የድልድይ ጠባቂ ቢሆንም ሰዓት አልነበረውም። የከተማው ፍርድ ቤት ደወል ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሲደወል ከማዶ ጎጆው ወጥቶ ድልድዩ ላይ ይገባል። ባቡሩ ከእሑድ በቀር በየቀኑ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። አምስት ደቂቃ ተርፎት ከወዲህ ወጥቶ ቆሞ ባርኔጣውን ያውለበልብለታል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ኖቬምበር 1883 መጣ። የባቡር ኩባንያዎቹ ተስማሙና የአገሩን ሰዓት ሁሉ ቀየሩት። የእኛ ሃያ ሁለት ደቂቃ ወደፊት ተገፋ። ባቡሩ በወረቀት ላይ ያው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ በፀሐይ ግን ስድስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ ይደርሳል። ከተማው እምቢ አለ። ዳኛው «ፀሐይ የኩባንያው ተቀጣሪ አይደለችም» ብለው የፍርድ ቤቱን ደወል እንደ ድሮው አስቀሩት። ስለዚህ እስከ ዛሬ በስቶኒ ጋፕ ቀትር ሁለቴ ይሆናል። መጀመሪያ የጣቢያው ደወል፣ ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ የፍርድ ቤቱ።

ራንሰም የሰማው የለመደውን ደወል ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ለእማማ ዶርካስ አታንብቢላቸው። በሁለቱ ደወሎች መካከል ድልድዩ ላይ የሚሄድ ሠራተኛ የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በቆሎ ቂጣውን እየገመጠ፣ ከድልድዩ መሀል ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል። ሦስት ምት፣ ዝም። ሦስት ምት፣ ዝም። ብሎን ጠብቆ እንደሆነ የሚሞክር ሰው እንደሚመታው። ሚስተር ሃንድሊ «ብረቱ በፀሐይ ሲሞቅ ነው» ይለናል። ጉስ «ታዲያ ብረቱን ቁጥር ማን አስተማረው?» አለው። የፍርድ ቤቱ ደወል ሲደወል ይቆማል። ከሱ ላይ የተቀነሱትን ደቂቃዎች እየሠራቸው ይመስለኛል።

በዝናብ ቀን ሄጄ ሰምቻለሁ። በዝናብ ቀን ብረት አይሞቅም።

ላፋዬት


ሃሊፋክስ፣ ጁን 14 ቀን 1885

ወንድም ላፋዬት፣

ደብዳቤህን ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው፤ የድልድዩን ነገር ትቼ። የዊስኪው ላይ ወንድም ኬሌብ እንኳ ሳቀ። እንዳልሰከረ አምነዋል። ለዚህ ውለታህ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ግን አልጨረስንም። ወንድም ኬሌብ ሌላ አመጣ። «ሰዓት መቀየሩን ኩባንያው አስቀድሞ ለጥፏል። ያልሰከረ ሰው የሰማውን ትቶ ከባቡር ፊት የሚቆመው ለምንድን ነው? አውቆ ቆሞ ቢሆንስ?» አለ። ይህን ሲል እናቴ ሰማች። ስካርን ይቅር የሚል አለ፤ ራሱን ላጠፋ ሰው ግን በሻሮን ስም አይነበብም።

እናቴ ከሜይ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም። ትኩሳቱ ይሄድና ይመጣል። በኦገስት በቃሬዛም ቢሆን ውሰዱኝ ትላለች፤ ስሙን በጆሮዬ ልስማ እንጂ ሌላ አልፈልግም ትላለች። የሚቀጥለውን ኦገስት የምታየው አይመስለኝም።

አንድ ነገር አገኘሁ። ራንሰም ከመሞቱ በፊት በመንገደኛ ነጋዴ አስጽፎ በላከልን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «ዚልፋ ስለ ንባብ አታስቢ። እዚህ ሰፈር የሚያነብልኝ ጓደኛ አግኝቻለሁ። ጋዜጣውን እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ የዓለምን ወሬ እሰማለሁ።»

ይህ ሰው ማን ነው? በዚያን ጊዜ ከእናንተ ማንም አያነብም ነበር ብለኸኝ ነበር። ፈልግልኝ። ማስታወቂያውን ለራንሰም አንብቦለት እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንዳነበበለት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የወንድሜ ስም በእሱ እጅ ነው ያለው።

ዚልፋ


ስቶኒ ጋፕ፣ ጁላይ 5 ቀን 1885

እህት ዚልፋ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እማማ ዶርካስ እንዴት አደሩ? በትኩሳት ላይ የዶሮ መረቅ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ጨው ሳይበዛ።

ትናንት የነጻነት ቀን ነበር። ከተማው ርችት ተኮሰ። ጉስ ሐብሐብ ለመብላት ተወዳድሮ አንደኛ ወጣና ሲያስመልሰው ዋለ። ሐዲዱ ሰላም ነው። ሚስተር ሃንድሊ ፂሙን ተላጨ፤ አገጭ እንደሌለው ያወቅነው አሁን ነው።

የማታ ትምህርቱን ሦስት ሳምንት ቀርቻለሁ። ወይዘሪት ኮርዲሊያ ስትጽፍ ጠመኔዋን ሰሌዳው ላይ ሦስት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። ሌላው ተማሪ ይችለዋል።

ስለጠየቅሽኝ ሰው። ሰውየውን አውቀዋለሁ። የትም አልሄደም፣ በየቀኑ አገኘዋለሁ። ለመጻፍ ግን ገና ድፍረት አላገኘም። ጥቂት ቀን ስጪው።

ላፋዬት


ስቶኒ ጋፕ፣ ጁላይ 26 ቀን 1885

ለተከበሩ እህት ዚልፋ ፔግራም፣

በሁለት መስመር የጻፉት ደረሰኝ። ሰውየው እኔ መሆኔን አውቀዋል ማለት ነው። ከእንግዲህ አንቺ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ይህ ደብዳቤ ለወንድም ኬሌብና ለሽማግሌዎቹ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የጻፍኩት ነው። ምስክሩ ራሱ ይምጣ ካሉ እመጣለሁ።

እኔ ላፋዬት ክራምፕ በዚያን ጊዜ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር። የምንተኛበት ቤት ግድግዳ ነፋስ እንዳያስገባ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቀጭን ዘንግ ይዤ ግድግዳው ፊት እቆምና «አነብ» ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት አሳማ ጠፋባት። በቴክሳስ አንድ ሰው በቅሎውን ለምክር ቤት አስመረጠ፣ በቅሎውም ከሌሎቹ የተሻለ ተናገረ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ጉስና ሌሎቹ ፈጠራ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዴ ተገልብጦ የተለጠፈውን ገጽ ሳነብ ይዘውኛል። ራንሰም ግን ከማዶ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይሰማኝ ነበር። እሱ ሲያምነኝ እኔም ራሴን አምን ነበር።

ኖቬምበር 17 ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ሃንድሊ ማስታወቂያውን ከውኃው በርሜል በላይ ለጠፈና ወደ ቢሮው ገባ። ከላዩ የሰዓት ሥዕል ነበረበት። ራንሰም ያረጁትን ብሎኖች በጆንያ ተሸክሞ መጣ። «ፌት፣ ና እስቲ ይህን አንብብልኝ» አለኝ፤ ፌት እኔን ማለቱ ነው።

ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖርኩና «ለሠራተኞች በሙሉ» አልኩ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። «ሰኞ ዕለት ትልልቆቹ ጌቶች በልዩ ፉርጎ ያልፋሉ። ድልድዩ ላይ አንድ የዛገ ብሎን ቢያዩ የድልድይ ጠባቂውን ጢም ይነጩታል።»

ሳቀ። «እሱስ ጢም የለውም በላቸው» አለኝ። ከዚያ ሥዕሉን በጣቱ ነካው። «ሰዓቱስ? ስለ ሰዓት ምን ይላል?»

አየሁት። ክብ ነገር፣ ሁለት እጅ ያለው።

«ባቡሮቹ እንደነበሩ ናቸው ይላል» አልኩት።

ጆንያውን አውርዶ ለጉስ ሰጠውና ወደ ጎጆው ተመለሰ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስተር ሃንድሊ ሰብስቦን ሰዓቱ መቀየሩን በአፉ ነገረን። እኔ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ከሰፈሩ እስከ ራንሰም ጎጆ በእግር አንድ ሰዓት ነው። ብሄድ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ማንበብ አልችልም ብዬ ነዋ። ጫማዬን ስወለውል ዋልኩ። እንደ መስተዋት እስኪያበራ ወለወልኩት። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወደ ላይኛው መስመር ላኩን፤ ልቅር አላልኩም። ቀትር ላይ የባቡሩን ፊሽካ ሰማን። ረዥም ነበር። አላቋርጥም አለ።

ማታ ማስታወቂያውን ከግድግዳው ቀድጄ አነሳሁት። ባርኔጣዬ ውስጥ ይኖራል። የማታ ትምህርት የገባሁት ሌሎቹ እንደሚሉት የምርጫ ወረቀት ሲሰጡኝ እንዳልታለል አይደለም። አዲስ ፊደል በተማርኩ ቁጥር ቤት እገባና ወረቀቱን አወጣለሁ። አንዲት ፊደል ትበራለች። በሕይወቴ በራሴ ያነበብኳት የመጀመሪያዋ ቃል «ሰዓት» ናት። ከዚያ «ደቂቃ»። ከዚያ «ወደፊት»። የእርስዎን ደብዳቤ ከመክፈቴ በፊት ባለው ሳምንት ሙሉውን ጨረስኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለሠራተኞች በሙሉ። ከእሑድ ኖቬምበር 18 ቀትር ጀምሮ የኩባንያው ሰዓቶች ሁሉ ሃያ ሁለት ደቂቃ ወደፊት ይገፋሉ። ይህን በሚገባ ያልተረዳ ሠራተኛ አለቃውን ይጠይቅ።»

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ራንሰም ፔግራም አልሰከረም፣ አውቆም አልቆመም። ባቡሩ ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ሳለ ሠላሳ ደቂቃ አለኝ ብሎ ገባ። እንዲህ ያለው ሰው ስላመነ ነው። ጌቶቹ ይመጣሉ ስለተባለም ያን ዕለት ብሎኖቹን ከወትሮው በላይ አሳምሮ ነበር፤ ስናወጣው እጁ ላይ የዘይት ጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር። ሁለተኛው እሑድ ስሙን አንብቡለት፤ እናቱ ይስሙ። የእኔን ከፈለጋችሁ የትም ጻፉት።

እህት ዚልፋ፣ ከዚህ በታች ያለውን ያንብቡት ወይም ይቅደዱት፤ ለእርስዎ ትቻለሁ።

በዚህ ደብዳቤ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ሳቁም፣ ጫማውም፣ ሥዕሉን በጣቱ መንካቱም። ሸንጎ ፊት ሲነበብ ራንሰም ጥፋቱን ጥቂት ይካፈለኝ እንደሆነ ብዬ «አንብብልኝ አለኝ» ብዬ ጽፌአለሁ።

አላለኝም። ማስታወቂያውን አየው፣ እንደማይገባው አወቀ፣ ጆንያውን እንደተሸከመ አልፎኝ ወደ ሚስተር ሃንድሊ በር ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ።

ላፋዬት ክራምፕ